ስለ ካምሻፍት አመራረጥ

የሞተሩን ጕልበት ለመጨመር የሚሻ ሰው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚያስበው ካምሻፍቱን ስለ መለወጥ ነው። ካምሻፍት ማለት የእንቍላል ቅርጽ ያላቸው ጕብታዎች ያሉት ዘንግ ሲሆን፥ ሥራው ቫልቮችን በየጊዜያቸው መክፈትና መዝጋት ነው። ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር እርሱ አንድ ጊዜ ይዞራል።

አንዱን ካምሻፍት ከሌላው የሚለዩት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ቫልቩን የሚያነሣበት ከፍታ ነው። ሁለተኛው ቫልቩ ተከፍቶ የሚቈይበት ጊዜ ሲሆን፥ ይህም በክራንክሻፍቱ ዲግሪ ይለካል። ሦስተኛው በአስገቢውና በአስወጪው ጕብታ ጫፎች መካከል ያለው ማዕዘን ነው።

ሁለቱ ቫልቮች ባንድነት ተከፍተው የሚቈዩበትን መጠን ለማግኘት፥ የሁለቱም ቈይታ እኩል ከሆነ፥ ከቈይታው ላይ የማዕዘኑን እጥፍ መቀነስ ነው። ቈይታው 280 ዲግሪ፥ ማዕዘኑ 110 ቢሆን፥ ከ280 ላይ 220 ሲቀነስ 60 ዲግሪ ይቀራል። ማዕዘኑ 114 ቢሆን ግን 52 ብቻ ይሆናል።

ይህ መጠን ሲበዛ ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር በደንብ ይተነፍሳል። በዝግታ ሲዞር ግን የተቃጠለው ጋዝ ወደ አየር ማስገቢያው ስለሚመለስ፥ በዚያ ያለው ቫክዩም ይቀንሳል። የፍሬኑ ማገዣ በዚሁ ቫክዩም የሚሠራ ከሆነም ፍሬኑ ለእግር ይከብዳል። ካርቡራተር ያለውን ሞተር ባለሙያው በእጁ ሊያስተካክለው ይችላል፤ በኮምፒዩተር በሚታዘዝ ሞተር ግን ነዳጁ የሚመጠነው በፋብሪካ በተሰናዳ ሰንጠረዥ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የፎርድ ሙስታንግ ባለ 5 ሊትር ሞተር ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1986 እስከ 1988 ዓ.ም. የተሠሩት፥ ለካሊፎርኒያ ከተሠሩት የ1988ቱ በቀር፥ የሚገባውን አየር በቀጥታ አይለኩም። ኮምፒዩተሩ የማስገቢያውን ግፊት፥ የአየሩን ሙቀትና የሞተሩን ፍጥነት ተመልክቶ ይገምታል። ስለዚህ ቫክዩሙ ሲቀንስ ጭነት የበዛ መስሎት ነዳጅ ይጨምራል፤ ሞተሩም ቆሞ ሲሠራ ከፍ ዝቅ እያለ ይንገጫገጫል። ከ1989 ጀምሮ ግን አየሩን የሚለካ መሣሪያ ስለ ተጨመረላቸው፥ የተለወጠ ካምሻፍትን ይበልጥ ይታገሣሉ።

ከነዳጁ የሚብስ ሌላም አደጋ አለ። የ1986ቱ ሞተር ፒስቶኖች አናታቸው ጠፍጣፋ ነው፤ የ1987ቱ ግን ለቫልቮቹ ማለፊያ የሚሆን ጐድጓዳ አላቸው። ስለዚህ ለሁለተኛው የሚስማማ ካምሻፍት በመጀመሪያው ላይ ቫልቩን ከፒስቶኑ ጋራ አጋጭቶ ሞተሩን ሊያበላሽ ይችላል። ይህን ለማወቅ በፒስቶኑ አናት ላይ ለስላሳ ጭቃ ለጥፎ፥ ሞተሩን በእጅ አዙሮ፥ የጭቃውን ውፍረት መለካት ነው። በተለመደው ልክ ለአስገቢው 2፥ ለአስወጪው 2.5 ሚሊሜትር ያህል ሊተርፍ ይገባል። የቫልቩ ሞላም አዲሱን ከፍታ የሚችል መሆን አለበት።

እንግዲህ ገዢው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ራሱን ይጠይቅ። መኪናው ለከተማ መንገድ ነው ወይስ ለእሽቅድምድም? ኮምፒዩተሩ አየሩን ይለካል ወይስ ይገምታል? የሚገምት ከሆነስ ሰንጠረዡን የሚያርም ባለሙያ ይገኛል? ባይገኝ ቈይታው አጠር፥ ማዕዘኑ ሰፋ ያለውን መምረጥ ይበጃል። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማልና፥ ከመግዛት መለካት ይቅደም።