ስለ ወረርሽኝ በሽታና ስለ ድኃ ማዕድ፤ ከላስታ አገር የሚገኝ ትምህርት

ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ የአገር ሹም አስቀድሞ የሚቈጥረው የታመመውንና የሞተውን ነው፤ ይህም የተገባ ነው። ነገር ግን ሁለተኛ ቈጠራ አለ፤ ይኸውም በሽታው ሳይነካቸው ገቢያቸው የተቋረጠባቸውን ቤቶች መቍጠር ነው። ይህን የተወ ገዢ በሽታውን በፊት በር ሲጠብቅ ረኃብ በጓሮ በር ይገባበታል። ለዚህ ነገር የላስታ አገር ምስክር ስለ ሆነ፣ ገዢዎችና የወረዳ ሹማምንት፣ መሬትና ከብት ያላቸውም ሰዎች ልብ ያደርጉት ዘንድ ይገባል።

በላስታ ደጋው ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ፣ ቆላው ማሽላና ጤፍ ያበቅላል። ነገር ግን ማሳው ጠባብ፣ የዳገቱም አፈር የታጠበ ስለ ሆነ፣ ብዙው ገበሬ በራሱ ምርት ዓመት አይደርስም፤ የጎደለውን ወር በገበያ እህል ይሞላል። ገንዘቡንም የሚያገኘው በ3 መንገድ ነው። አንደኛው በግ፣ ፍየል፣ ዕንቁላልና ማር ሸጦ ነው፤ ሁለተኛው በመከር ጊዜ ወደ ራያ፣ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ወርዶ በቀን ሥራ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ የላሊበላን 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ለማየት ከሚመጣው እንግዳ ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ የያዘው የመጀመሪያው ሰው በኢትዮጵያ ተገኘ፤ መጋቢት 30 ቀን የአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ያን ጊዜ እነዚህ ሦስት መንገዶች ባንድነት ጠበቡ። የውጭ አገር እንግዳ ቀረ፤ አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩ፣ ልብስ አጣቢዋና የሆቴል አሽከሩ ሥራ ፈቱ። ጉዳቱም በከተማው አልቆመም፤ ለሆቴል ዕንቁላልና ወተት ታቀርብ የነበረች የገጠር ሴት ገዢ አጣች፤ መኪና ሲቆም የቀን ሠራተኛው መሄጃ አጣ። እህል ከገበያ ሳይጠፋ የሚገዛው እጅ ባዶ ሆነ።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ድኃ አስቀድሞ የሚተወው እንጀራውን አይደለም፤ ዕንቁላሉን፣ ወተቱን፣ ዘይቱንና ምስሩን ነው። ስለዚህ ሆድ የሞላ መስሎ ሳለ ሰውነት ይጎዳል። ከሁሉ ይልቅ የሚጎዱት እርጉዞችና 2 ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው፤ በዚያ ዕድሜ የደረሰ ጉዳት በኋላ ሊጠገን ያስቸግራልና። ትምህርት ቤት ሲዘጋም በዚያ ይሰጥ የነበረው ምግብ ይቀራል፤ በ2012 ዓ.ም. በዓለም ሁሉ 370 ሚሊዮን ልጆች ይህ እንደ ቀረባቸው የዓለም የምግብ ፕሮግራም ገምቷል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የተባበሩት መንግሥታት መግለጫም፣ በአውሮፓውያን 2020 ዓመት የተራቡት ሰዎች ከቀደመው ዓመት በ118 ሚሊዮን ያህል እንደ በለጡ ተናግሯል።

ከማዕዱ ቀጥሎ የሚሄደው ጥሪቱ ነው። ገበሬው በመጀመሪያ በጉን፣ በመጨረሻም በሬውን ይሸጣል። በሬውን የሸጠ ሰው መሬቱን ለእኩል ይሰጣል፤ ይህም የከርሞውን ምርት ግማሽ ዛሬ በላ ማለት ነው። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነት እስከ ላሊበላ በደረሰ ጊዜ፣ ጥሪቱን አስቀድሞ የጨረሰ ቤት ለሁለተኛው መከራ የሚሸጠው አልነበረውም።

ይህ ነገር ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት ወረርሽኝ ሰውን አልያዘም፤ ነገር ግን በሬውን ስለ ፈጀ የሚያርስ ታጣና ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ መጣ። ያን ጊዜ ዳግማዊ ምኒልክ ለሕዝቡ አርአያ ይሆኑ ዘንድ ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደ ቈፈሩ ይነገራል። የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. የወሎን ረኃብ የመረመረው የኖቤል ተሸላሚ አማርትያ ሴንም፣ ሕዝቡ የሚገዛበት ስላልነበረው እህል ከወሎ ወደ ሌላ አገር ይወጣ እንደ ነበር ጽፏል።

መድኃኒቱም ተፈትኖ ታይቷል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ርዳታ በወረርሽኙ ጊዜ የሥራ ግዴታው ለጊዜው ተነሥቶ ክፍያው እንዲቀጥል ተደርጓል። ያን ጊዜ በገጠር የተደረገ ጥናት እንዳመለከተው፣ የምግብ ዋስትና ያጡ ቤቶች ቍጥር በጠቅላላው በ11.7 የመቶኛ ነጥብ ሲጨምር፣ ርዳታውን ከሚያገኙት ወገን ግን የጨመረው 2.4 ብቻ ነው።

ስለዚህ በሽታ በተነሣ ጊዜ የሚከተለው ሊሠራ ይገባል።

1ኛ፤ በየገበያው ቀን የአንድ በግ ዋጋ ስንት ኪሎ ገብስ እንደሚገዛ በመዝገብ ይጻፍ። የበግ ዋጋ ወድቆ የእህል ዋጋ ሲወጣ፣ ድኃው ጥሪቱን ሊጨርስ እንደ ጀመረ ይታወቃል።

2ኛ፤ ገበያ ከሚዘጋ ወደ ሰፊ ሜዳ ይውጣ። በ2012 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አትክልት ተራ ወደ ጃንሜዳ መዛወሩ ለዚህ ምሳሌ ነው።

3ኛ፤ ርዳታ በሬው ከመሸጡ በፊት ይድረስ። ከተሸጠ በኋላ የሚመጣ እህል ለዕለት ያበላል እንጂ ማሳውን አያሳርስም።

4ኛ፤ ባለ ጥሪት የሆነ ሰው የጎረቤቱን በሬ በርካሽ ከመግዛትና በአራጣ ከማበደር ይቈጠብ። ባንድ በሬ የቀሩትን ገበሬዎች ማቀናጀት ለሁሉም ይጠቅማል፤ ያልታረሰ መሬት ለባለቤቱም ለአገሩም አይረባምና።

5ኛ፤ የጤና ሠራተኞች የሕፃናትን ክንድ መለካት አያቋርጡ፤ ሽሮ፣ ዘይትና የጓሮ ጎመን ለእናቶች እንዲደርስ ይታሰብበት።

ይህን ሁሉ ለማድረግ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አስቀድሞ ማየትን ግን ይጠይቃል። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው፤ የረኃብ እሳት አስቀድሞ የሚጨሰው በጎተራ ሳይሆን በገበያ ነውና፣ ሹም የሆነ ሁሉ ወደዚያ ይመልከት።