ጀርባውን የሰጠን ሰው፦ የዳቪድ «ፓትሮክለስ» እና የእኛ የሸራ ህትመት

በንድፍ ክፍላችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ሥዕል የማያውቅ የዲፓርትመንታችን ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ራቁቱን ቀይ ጨርቅ ላይ የተቀመጠ፣ ፊቱን ደብቆ ጀርባውን ለኛ የሰጠ፣ ጸጉሩ ነፋስ እንደመታው የተበተነ ሰው ነው። እኛ «ጀርባው» ብለን ነው የምንጠራው። በዚህ ጽሑፍ ሥዕሉ ራሱ ምን እንደሆነና በሸራ ላይ የታተመው ግልባጭ ምን ያህል ሊያስተምረን እንደሚችል ለማንሳት እሞክራለሁ። ሁለተኛው ጥያቄ በተለይ ያሳስበኛል። ከዚህ ህትመት እየገለበጥን ማርክ ይሰጠናላ!

ሠዓሊው ፈረንሳዊው ዣክ ሉዊ ዳቪድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1748 ፓሪስ ተወለደ። በዚያን ዘመን ለወጣት ሠዓሊ ትልቁ ዕድል «የሮማ ሽልማት» የሚባለው ውድድር ነበር፤ ያሸነፈ በመንግሥት ወጪ ሮም ሄዶ ይማራል። ዳቪድ በ1771፣ በ1772 እና በ1773 ተወዳድሮ አልቀናውም። በ1772 ሲወድቅ እንዲያውም ምግብ አልበላም ብሎ ራሱን ሊገድል ነበር። በአራተኛው ሙከራ፣ በ1774፣ አሸነፈና በ1775 ሮም ገባ። «ፓትሮክለስ» የተሠራው እዚያው በ1780 ነው። ዛሬ የሚገኘው ሸርቡር በምትባል የፈረንሳይ የወደብ ከተማ፣ ቶማ ሄንሪ ሙዚየም ውስጥ ነው።

ስሙ ግን እንዳያታልለን። ፓትሮክለስ በትሮይ ጦርነት ታሪክ የአኪለስ ጓደኛ የነበረው ጀግና ነው፤ ሥዕሉ ግን ታሪኩን አይተርክም። እንዲህ ያለውን ሥራ ፈረንሳዮች «አካዳሚ» ይሉታል፤ ከሕያው ሞዴል የተሠራ የራቁት ሰውነት ጥናት ማለት ነው። ሮም ያሉት ተማሪዎች ምን ያህል እንደተሻሻሉ ለማሳየት እንዲህ ዓይነት ሥራ ወደ ፓሪስ መላክ ነበረባቸው። ባጭሩ አሳይመንት ነው! ዳቪድ ከሁለት ዓመት በፊትም «ሄክቶር» የሚባል ሌላ ሠርቶ ነበር፤ እሱ ሞንፔልየ፣ ፋብር ሙዚየም ይገኛል። ሁለቱን ሳነጻጽር እኔ «ፓትሮክለስን» እመርጣለሁ። ሄክቶር ሬሳ ሆኖ የተዘረጋ ነው፤ ይኼኛው ግን ተቀምጦም የሚንቀሳቀስ ይመስላል። ሮም ካፒቶሊን ሙዚየም ያለውን «የሚሞተው ጋላዊ» የተባለ ጥንታዊ ሐውልት በፎቶ ያየ ሰው አቀማመጡ ከየት እንደመጣ ወዲያው ይገባዋል።

እንዲህ ያለ ጥናት ለምን ይጠቅማል ለሚል ሰው የምሰጠው ማስረጃ ቬርሳይ ያለው የዳቪድ ያላለቀ ሸራ ነው፤ «የቴኒስ ሜዳው መሐላ»። የተወሰኑት ፊቶች በቀለም አልቀዋል፤ አካላቱ ግን ገና ራቁታቸውን በመስመር እንደተነደፉ ቀርተዋል። ልብስ የሚለብሱት በኋላ ነው። ዳቪድ አንድን ሰው ኮት የሚያለብሰው ከኮቱ ሥር ያለው ትከሻ ቦታውን ከያዘ በኋላ ነበር። (በነገራችን ላይ ይኼ ትምህርት ለሴቶች ዝግ ነበር። አካዳሚው በ1783 እነ ቪዤ ለብሩንን በአባልነት ሲቀበል እንኳ ከራቁት ሞዴል የሚነደፍበት ክፍል አልተፈቀደላቸውም።)

አሁን ወደ ግድግዳችን እንመለስ። ዋናው ሥዕል ወርዱ 1 ሜትር ከ70፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ22 ገደማ ነው፤ ሰውዬው የእውነት ሰው ልክ ሊያህል ይቀርባል። የኛ ህትመት 90 በ60 ነው። 90 ወርድ ላይ ሥዕሉ ሳይቆረጥ ቢታተም ቁመቱ 64 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል መሆን ነበረበት። ስለዚህ ከላይና ከታች ተቆርጧል ማለት ነው፤ በዋናው ሥዕል ልክ ስናሰላው ከ8 ሴንቲሜትር በላይ ይሆናል። በዚያ ላይ ጠርዙ በእንጨቱ ፍሬም ላይ ታጥፎ ተቸንክሯል። ሰውዬው ተጨናንቆ የተቀመጠ የሚመስለን ለዚህ ነው። የዳቪድ ምርጫ ሳይሆን የማተሚያ ቤቱ መደበኛ ሳይዝ ነው።

ከመጠኑ የባሰው ግን ጥላው ነው። ማሽኑ ቀለሙን በጥቃቅን ነጠብጣብ እየረጨ ያትማል፤ ሸራው ላይ ጨለማ ቡናማዎች እርስ በርስ ይዋዋጡና ጥቁር ይሆናሉ። ዋናው ላይ ጥላ ያለበት ጎን ቀስ እያለ ከቡናማው ጀርባ ምድር ጋር ይቀላቀላል፤ ኛ ህትመት ላይ ግን በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል። ባለፈው ሴሚስተር የቀረቡትን ግልባጮች እዩዋቸው፤ ግማሾቹ በሰውነቱ ዙሪያ ጥቁር ጠርዝ አላቸው። ያ ጠርዝ ከዳቪድ የመጣ አይደለም። ቀዩ ጨርቅም እንዲሁ ነው፤ ኮምፒውተር ስክሪን ላይ የሚያበራው ቀይ በማተሚያ ቀለም በሙሉ አይገኝም። የሸራው ሽመና ደግሞ የዘይት ቀለም ይመስላል እንጂ የብሩሽ ዱካ የለውም፤ ጣታችሁን ብታሳልፉበት ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው።

«ታዲያ እናውርደው?» ያለኝ ጓደኛ አለ። እኔ በፍጹም አልስማማም። ሸርቡር ሄዶ ማየት ለአብዛኞቻችን የቪዛም የገንዘብም ጥያቄ ነው። ህትመቱ በታማኝነት የሚያስተላልፈው ብዙ ነገር አለ፦ የጀርባ አጥንቱ መስመር እንዴት እንደሚታጠፍ፣ ሁለቱ የትከሻ አጥንቶች ለምን እኩል እንዳልሆኑ፣ ብርሃኑ የጎድን አጥንቶቹን የት እንደሚነካ። ይኼን በከሰል ለመንደፍ ከበቂ በላይ ነው። ለቀለምና ለጥላ ግን ሰው ያስፈልጋል። ሁለት የክፍል ጓደኞቼ ሸሚዛቸውን አውልቀው በተራ እንደዚያው ተቀምጠውልን ነበር። አንዱም ከ15 ደቂቃ በላይ አልቻለም፤ ወገባቸው ተያዘ። ድሮ አካዳሚዎች ውስጥ ሞዴሉ የሚደገፍበት ሳጥንና የሚይዘው ገመድ ለምን እንደነበረ ያን ቀን ገባን። ደግሞ ጥላው ውስጥ ከወለሉ የሚንጸባረቅ ሞቅ ያለ ብርሃን አየን፤ ህትመቱ ላይ ፈጽሞ የሌለ።

ማሳተም ላሰበ አንድ ምክር አለኝ፦ ፋይሉን አስቀድማችሁ እዩ። 1 ሜትር ወርድ ላላት ህትመት በአንድ ኢንች 150 ነጥብ እንዲወጣ ፋይሉ ወደ 5,900 ፒክስል ወርድ ይፈልጋል። 1,200 ፒክስል ይዛችሁ ባነር ማተሚያ ቤት ብትሄዱ ያትሙላችኋል፤ ግን በኢንች 30 ነጥብ ብቻ ነው የምታገኙት። ከፀሐይ መስኮት ፊት ለፊትም አትስቀሉት፤ ርካሹ ቀለም ይነጣል።

በመምህራችን ፈቃድ ከህትመቱ ጎን በጠመኔ አንድ አራት ማዕዘን አስምረናል፤ 170 በ122። ግድግዳው አልበቃ ስላለ አንዱ ጥግ በሩን አልፎ ሄዷል።