የመኪና ስመ ሀብት ሳይዛወር በውክልና ስለ መግዛትና ስለ መሸጥ

በደሴ ፒያሳ ሱቅ ያለው ነጋዴ ከኮምቦልቻ ዕቃ የሚያመላልስበትን አይሱዙ ሲገዛ፥ ዋጋውን ቈርጦ፥ ሞተሩን አስፈትሾ፥ ቁልፉንና ሊብሬውን ከተረከበ በኋላ ጉዳዩ ያለቀለት ይመስለዋል። ሊብሬው ግን በሻጩ ስም እንዳለ ነው። የስም ማዛወሪያውን ወጪና ምልልስ ለመሸሽ ሁለቱም ውክልናን ይመርጣሉ፤ ሻጩ «እንዲያስተዳድር፥ እንዲሸጥ፥ እንዲለውጥ» የሚል ወረቀት ፈርሞ ይሰጣል፥ ገዥውም ያንኑ ይዞ ለዓመታት ይሠራበታል።

ውክልና ሥልጣን ይሰጣል እንጂ ሀብት አያስተላልፍም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2226 ወካዩ ውክልናውን በፈቀደ ጊዜ ሊሽረው እንደሚችል፥ በቍጥር 2232 ደግሞ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ ወካዩ ሲሞት ውክልናው እንደሚቀር ይደነግጋል። እንግዲህ ሻጩ የሞተ እንደ ሆነ ገዥው የሚከራከረው ስለ ሽያጩ ምንም ከማያውቁ ወራሾች ጋር ነው፤ ሊብሬውም የሚመሰክረው ለእነርሱ ነው።

የሻጩም ሥጋት ከዚህ አያንስም። በዚሁ ሕግ ቍጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት፥ የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው እንኳ ቢሆን፥ ኀላፊ ነው። በጉዳቱ ጊዜ መኪናው ተሰርቆበት እንደ ነበረ ቢያስረዳ ይድናል፤ «ሸጬዋለሁ» ማለት ግን መዝገቡ በስሙ ሳለ ቀላል መከላከያ አይሆንለትም። በሐረጎ ቍልቍለት ፍሬን እምቢ ያለ እንደ ሆነ ከሳሽ አስቀድሞ የሚፈልገው ሊብሬው ላይ የተጻፈውን ሰው ነው።

ስለዚህ ገዥ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት የሰሌዳውን፥ የሻንሲውንና የሞተሩን ቍጥር ይዞ ፋይሉ ወደሚገኝበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ይሂድ። የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ እንዳለበት፥ ቍጥሮቹም ከመኪናው ጋር መግጠማቸውን ያጣራ። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ከሆነ፥ መብቱ ለሌለው ሰው ከመተላለፉ በፊት የቀረጡ ሒሳብ መዘጋት አለበት። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፊርማ አይረሳ፤ ብዙ ሽያጭ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የሽያጩ ውል በጽሑፍ ሆኖ ይጽደቅ፤ በ2002 ዓ.ም. በወጣው የተሽከርካሪ መለያ፥ መመርመሪያና መመዝገቢያ ዐዋጅ ቍጥር 681 መሠረትም ሊብሬው በገዥው ስም ይውጣ።

ከዋጋው ጥቂቱን እስከ ስም ዝውውሩ ቀን ማቆየትና ይህንኑ በውሉ ማስጻፍ ይበጃል። ሒሳቡን የጨረሰ ሻጭ ለቀጠሮ ሲጠራ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነውና። አሁን በውክልና የሚሠራ ነጋዴም ሻጩ በሕይወትና በቅርብ ሳለ ዝውውሩን ይፈጽም፤ የሦስተኛ ወገን መድኑም በአዲሱ ባለቤት ስም እንዲጻፍ ለመድን ድርጅቱ ወዲያው ያስታውቅ።