በራሪዋ ካሜራ
ምንባብ

በጁባ ከተማ፣ ከነጭ ዓባይ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ኮንዮ ኮንዮ የተባለ ሰፊ ገበያ ይገኛል። ፊልም ሠሪ ይህን ገበያ ከላይ ለማሳየት ቢሻ ድሮን የምትባለው ትንሽ በራሪ መሣሪያ ታገለግለዋለች። ክብደቷ 250 ግራም የማይሞላም አለች። ቀድሞ ሄሊኮፕተር ያስከራይ የነበረውን ትዕይንት ዛሬ አንድ ሰው ብቻውን ይቀርጸዋል።

ይሁን እንጂ የትንሿ ድሮን ባትሪ ከግማሽ ሰዓት እምብዛም አያልፍም፤ ብርቱ ነፋስና ዝናብም ያሰናክሏታል። የገበያውን ሁካታ ልትቀዳ አትችልም፤ የሚሽከረከሩት ክንፎቿ ጩኸት ይውጠዋልና። ድምፁን የፈለገ ሰው ከሻጭና ከገዥው መካከል ቆሞ ይቅዳ! ብትወድቅ ሰው ስለምትጎዳም ከሕዝብ ራስ በላይ አትበርም። በዚያም ላይ በጁባ አደባባይ ፎቶግራፍ ማንሳት እንኳ ፈቃድ ያሻል። እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2016 ውጊያ በተካሄደባት ከተማ ከሰማይ የሚያንዣብብ ነገር እንደ መጫወቻ አይታይም።

ጥያቄ፦ «ይውጠዋል» የሚለው ቃል በምንባቡ ውስጥ ምን ፍች አለው?