ኮፈኑን ክፈትና እንይ

ና እስቲ ወንድሜ፣ ብሩን ወደ ኪስህ መልሰው። እጅህን ኮፈኑ ላይ አድርግ፤ ይተኩሳል አይደል? ሻጩ ሰውዬ ሳንመጣ አሙቆ ነው የጠበቀን። የሞቀ ሞተር ለማንም ይነሳል። ነገ በጠዋት፣ ቀዝቅዞ እንዳደረ እኛ ፊት ያስነሳው።

ፔጆ 404 ለምን እንደማረከችህ ይገባኛል። ልጅ ሆኜ ከእማዬ ጋር ልብስ ሰፊዎቹ ጋ፣ መኪና ግርግር ሄደን የተሰፋ ቀሚሴን እንቀበልና፣ ፈረስ መጋላ ወጥተን የምንሳፈረው በእሷ ነበር። ባጃጅ ከተማውን ከመሙላቱ በፊት የሐረር ታክሲ ማለት ፔጆ ነበር። ፈረንሳዮች መሥራት የጀመሯት በ1960 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቅርጿን የነደፈው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድር በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 እ.ኤ.አ. አንደኛ ወጥታለች። ጭቃውንና ጉድጓዱን ችላ ነው ያሸነፈችው። አንተ ግን ገና ሳትገዛት የቶዮታ ሞተር ላስገባባት ትለኛለህ።

እስቲ ጎንበስ በልና ከኋላ ከሥሯ እይ። ኋላ እግሯን የሚያዞረው ጥርስ እንደ ሌላው መኪና አይደለም፤ ብሎን መሳይ ብረት የነሐስ ጥርስ እየነዳ ነው የሚሠራው። ለራሷ 1.6 ሊትር ሞተር ተለክቶ የተሠራ ነው። ብርቱ ሞተር ጫንክባት ማለት ነሐሱን አስበላኸው ማለት ነው። ከዚያ ዲፈረንሻሉ ይቀየራል፣ ካምቢዮውም ይከተላል፣ ከመሪው ሥር ያለው ማርሽ መቀየሪያም ይቀራል። በመጨረሻ ፔጆ የሚባል ላሜራ ብቻ ይዘህ ትቀራለህ። የራሷን ሞተር አድሰው። ሲሊንደሮቿ ውስጥ ያለው ሸሚዝ ከነፒስቶኑ ወልቆ በአዲስ ይተካል፤ ብሎኩን ቶርኖ ቤት ወስዶ ሲሊንደሩን ማስፋት የለም።

አሁን የዘይት መለኪያውን ምዘዘውና በጨርቅ ጠርገህ አሳየኝ። ቀለሙ ሆጃ ከመሰለ፣ ወተት እንደገባበት ከነጣ፣ ውኃ ከዘይቱ ጋር ተገናኝቷል፤ ጓርኒሲዮን ተበልቷል ወይ የሸሚዙ ጎማ አልቋል። እኔ የመጀመሪያ መኪናዬን ስገዛ ይህን የሚነግረኝ አጥቼ ነው። አዲስ ቀለሟን አይቼ ከፈልኩ። በሳምንቱ ከድሬዳዋ ስመለስ ደንገጎ ዳገት ላይ ውኃዋ ፈላ፣ ቴስታታው ተጣመመ፤ ሌሊቱን በጭነት መኪና ተጎትቼ ገባሁ። የራዲያተሩን ክዳንም ክፈተው፤ የምልህ ግን ነገ ሲቀዘቅዝ ነው፤ አሁን ከነካኸው ፊትህን ያቃጥልሃል።

ቀለም ስቱኮን ይደብቃል። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለህ በፓራፋንጎውና በበሮቹ ሥር አስኪደው፤ የማይዝበት ቦታ ሁሉ የበሰበሰ ላሜራ በስቱኮ ተሞልቶ ነው።

አንተ የምትለውን ሰፊ ጎማና የተቆረጠ ማርሚታ ተወው። ጀጎል ውስጥ ግድግዳው ድንጋይ፣ መንገዱ ጠባብ ነው፤ ድምፁ ከሐረር በር ጀምሮ የተኛ ሕፃን ሁሉ ይቀሰቅሳል። የመጀመሪያውን ገንዘብህን ፍሬኑ ላይ አውጣ። ቀደም ያሉት 404ዎች አራቱም እግር ድራም ነው። ደንገጎን ወደ ድሬዳዋ ስትወርድ ወደ 1,000 ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት ነው፤ የጋለ ድራም ደግሞ መያዝ እምቢ ይላል። አወዳይ ላይ የጫት መኪና ድንገት ፊትህ ሲገባ የሚያድንህ ፍሬን እንጂ የሞተር ጉልበት አይደለም። የፍሬን ሸራውን፣ ጎማውን፣ የፍሬን ዘይት ቱቦውን አሳድስ፤ ቀጥሎ ራዲያተሩን አስጠርግ፤ ከዚያ በቁልቁለቱ በማርሽ መያዝ ልመድ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ገንዘብ ከተረፈህ ወንበሩን እንደ ልብህ አስለብሰው፣ ቀለሙንም ምረጥ፤ እኔም አብሬህ እመርጣለሁ።

ወረቀቱ ላይ ደግሞ አትቸኩል። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ብረቱ ላይ ከተቀረጸው ጋር ቁጥር በቁጥር አመሳክር። የሞተሩ ካልገጠመ አንድ ጊዜ ተቀይሯል፤ መቀየሩ ካልተመዘገበ መዘዙ ስም ስታዛውር አንተው ላይ ይመጣል። ቦሎዋ የዘንድሮ መሆኑን እይ፤ እዳና እገዳ እንደሌለባት ሳታረጋግጥ ቀብድ እንዳትሰጥ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና የያዘ ሁሉ ወርቅ የያዘ ይመስለዋል። ሰውዬው ሌላ ገዢ መጣብኝ ቢልህ ይሽጥለት።

በል ነገ 12 ሰዓት ላይ፣ ሳይነካካት እንድረስበት። ማግኔቱን እኔ አመጣለሁ፣ አንተ ጨርቅ ያዝ።