መጎተት፣ መሸከምና ማቆም፦ የናፍጣ ፒክአፕና የከባድ ተሳቢ ፊዚክስ

በአሜሪካ፣ በኮሎራዶ ግዛት ዴንቨር ከተማ የሚኖር አንድ የቀድሞ የክፍል ጓደኛዬ ከጥቂት ጊዜ በፊት ስለ መኪና ጥያቄ አቀረበልኝ። እኔ የፊዚክስ አስተማሪ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። እርሱ ግን ጥያቄው የፊዚክስ ነው ብሎ አጥብቆ ያዘኝ፤ ነገሩን ሳጤነውም እውነቱን ሆኖ አገኘሁት።

ጓደኛዬ እ.ኤ.አ. በ1989 የተመረተ ዶጅ ራም የናፍጣ ፒክአፕ አለው። በዕረፍት ወራት ቤተሰቡን ይዞ የሚጓዝበት፣ መኝታና ማድቤት ያለው ተሳቢ ሊገዛ አስቧል። ተሳቢው ዕቃና ውኃ ሲጫንበት 6,300 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ሻጩ “በአሮጌው አይሆንም፤ የአዲሱ ጉልበት ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ነው” ብሎ አዲስ መኪና እንዲገዛ መክሮታል። ጓደኛዬ ሁለት ነገር ማወቅ ፈለገ። የሻጩ አባባል እውነት ነው ወይ? እውነት ከሆነስ፣ ልጆቼን አሳፍሬ የሮኪ ተራሮችን ለመውጣትና ለመውረድ ይበቃኛል ወይ?

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አጭር ነው፤ አዎ፣ እውነት ነው። ሁለተኛው ግን ወረቀትና እርሳስ ይጠይቃል።

አምስተኛው ጎማ

በቅድሚያ ተሳቢው ከመኪናው ጋር እንዴት እንደሚያያዝ እንመልከት። ከጅቡቲ ወደብ ጭነት ይዘው የሚመጡ ከባድ መኪኖችን ያየ አንባቢ፣ ከጎታቹ ጀርባ ላይ ያለውን ቅባት የጠጣ ክብ ብረት ሳያስተውል አይቀርም። የተሳቢው የፊት ክፍል በዚያ ብረት ላይ ያርፋል፤ ወደ ታች የወጣ ወፍራም ፒኑም በመካከሉ ገብቶ ይቆለፋል። በእንግሊዝኛ ስሙ “አምስተኛ ጎማ” ነው። ስያሜው የመጣው ከፈረስ ጋሪ ዘመን ነው፤ ባለ አራት ጎማ ጋሪ የፊት እግሮቹ እንዲዞሩለት በአግድም የተኛ ክብ ብረት ይገጠምለት ነበርና። በአሜሪካ ይህንኑ ዓይነት ማያያዣ አሳንሰው በፒክአፕ የጭነት ሳጥን ውስጥ፣ ከኋላ አክስል በላይ ወይም ጥቂት ወደ ፊት ቀድሞ ይተክሉታል።

ቦታው በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። ተሳቢው በመኪናው ጅራት ላይ ቢታሰር ኖሮ፣ ከኋላ አክስል 1.4 ሜትር ርቆ የሚጫነው ክብደት እንደ ሚዛን ዘንግ ሆኖ የፊት ጎማዎችን ያነሣ ነበር። በሁለቱ አክስሎች መካከል 4.3 ሜትር ርቀት ቢኖርና 630 ኪሎ ግራም በጅራቱ ላይ ቢያርፍ፣ ከፊት ጎማዎች ላይ 205 ኪሎ ግራም ያህል ይቀንሳል፤ መሪውም በዚያው ልክ ይቀላል። የጎን ነፋስ ተሳቢውን ሲገፋውም ጅራቱ ከአክስሉ በራቀ መጠን መኪናውን የመጠምዘዝ ዕድሉ ይጨምራል። ክብደቱ በአክስሉ ላይ ሲያርፍ ግን የዘንጉ ርዝመት ዜሮ ይሆናል ማለት ይቻላል። እንግዲህ አምስተኛ ጎማ የሚሰጠው ጥቅም መረጋጋት ነው። ዋጋውንም ያስከፍላል፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

ዳገቱ

ከዴንቨር ወደ ምዕራብ የሚሄደው ኢንተርስቴት 70 የተባለው አውራ ጎዳና በአይዘንሃወር ዋሻ በኩል ያልፋል። ዋሻው ከባሕር ወለል በላይ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ከዋሻው ምዕራብ፣ ሲልቨርቶርን እስከተባለችው ከተማ ድረስ፣ መንገዱ በ13 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 700 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ በጣም ቀጥ ባለበት ቦታ ተዳፋቱ 7 በመቶ ይደርሳል። ጓደኛዬ ሲሄድ ይወርደዋል፣ ሲመለስ ይወጣዋል።

መኪናው፣ ተሳቢው፣ ሰዎቹና ዕቃው በድምሩ 10,000 ኪሎ ግራም ናቸው እንበል። በ7 በመቶ ዳገት ላይ የመሬት ስበት ወደ ኋላ የሚጎትትበት ጉልበት 10,000 × 9.8 × 0.07፣ ማለትም 6,860 ኒውተን ነው። የጎማዎቹ መንከባለል 1,000 ኒውተን ያህል ይጨምራል። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ስንሄድ ደግሞ ያ ግድግዳ መሳይ ተሳቢ ከአየሩ የሚገጥመው ተቃውሞ በግምት 1,600 ኒውተን ይሆናል። ድምሩ ወደ 9,400 ኒውተን ይጠጋል። ይህን በሰከንድ 25 ሜትር ብናባዛው ጎማዎቹ ላይ መድረስ ያለበትን አቅም እናገኛለን፤ 235 ኪሎዋት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውስ። በአማርኛ “የፈረስ ጉልበት” የምንለው መለኪያ ስሙ ጉልበት ይሁን እንጂ የሚለካው አቅምን፣ ማለትም በአንድ ሰከንድ የሚሠራውን ሥራ ነው። ሻጩ የጠቀሰው ቁጥር ግን ቶርክ፣ ማለትም ጠምዛዥ ጉልበት ነበር። ሁለቱን የሚያቀላቅሉ ብዙ ናቸው። ማርሽ ጠምዛዥ ጉልበትን ያበዛል፤ የተሽከርካሪውን ፍጥነት በዚያው መጠን ይቀንሳልና አቅምን ሊያበዛ አይችልም። ስለዚህ በተመጠነ ማርሽ ትንሽ ሞተርም ትልቅ ጭነት ዳገት ሊያወጣ ይችላል፤ በምን ፍጥነት እንደሚያወጣው የሚወስነው ግን አቅሙ ነው።

የጓደኛዬ አሮጌ መኪና 5.9 ሊትር የከሚንስ ሞተር 160 የፈረስ ጉልበትና 542 ኒውተን ሜትር ቶርክ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2021 የተመረተው ራም 3500፣ ከፍተኛ አቅም ባለው 6.7 ሊትር ሞተሩ 420 የፈረስ ጉልበትና 1,458 ኒውተን ሜትር ይሰጣል። በማርሽና በአክስል የሚባክነውን 15 በመቶ ብናደርገው፣ ከአዲሱ 266 ኪሎዋት ጎማው ላይ ይደርሳል፤ ከሚፈለገው 235 በላይ ነው። ከአሮጌው የሚደርሰው 101 ኪሎዋት ብቻ ስለሆነ፣ ይህንኑ ጭነት በዚያ ዳገት ላይ በሰዓት ከ45 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ፍጥነት ያዘግማል። በአውራ ጎዳና ላይ ሌሎች በእጥፍ ፍጥነት ከኋላ ሲመጡ ይህ ራሱ አደጋ አለው።

ሞተሩ በይዘት ብዙም ሳያድግ ይህን ያህል ልዩነት ከየት መጣ? በሥራ ዑደቱ ፒስተኑን የሚገፋውን አማካይ ግፊት ብናሰላ፣ በአሮጌው 11.5 ባር፣ በአዲሱ 27 ባር ይሆናል። በቱርቦ አማካይነት ብዙ አየር ይታመቃል፤ ናፍጣውም በ2,000 ባር ገደማ ግፊት እንደ ጉም ተበትኖ ይረጫል። በ3,400 ሜትር ከፍታ አየሩ በባሕር ወለል ካለው 30 በመቶ ያህል ይሳሳል፤ አዲስ አበባ ላይ እንኳ 20 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ መኪና ደጋ ላይ ሲወጣ ለምን ጥቁር ጭስ እንደሚተፋና እንደሚደክም ከዚህ መረዳት ይቻላል፤ ናፍጣው አለ፣ የሚያቃጥለው ኦክስጅን ግን ጎድሏል። ቱርቦ ያለው ሞተር የጎደለውን በአብዛኛው ያካክሳል።

እስከዚህ ድረስ ሻጩ ትክክል ነው።

ጫናው

ጓደኛዬ የአዲሱን ዋጋ ሲሰማ ደንግጦ ነበርና፣ ከዚያው ፋብሪካ የሚወጣውንና ቀለል ያለውን 2500 የተባለውን ዓይነት ተመለከተ። እርሱም እንደ አሠራሩ ከ8 ቶን በላይ መጎተት የተፈቀደለት ነው። 6.3 ከ8 ያንሳል፤ ታዲያ ምን ችግር አለ?

ችግሩ ቅድም የተውነው የአምስተኛው ጎማ ዋጋ ነው። ከእንዲህ ዓይነቱ ተሳቢ ክብደት ከ15 እስከ 25 በመቶ የሚሆነው በፒክአፑ ላይ ያርፋል። 20 በመቶ ብንወስድ 1,260 ኪሎ ግራም ይሆናል። ማያያዣው ራሱ 80 ኪሎ፣ ባልና ሚስት ከሁለት ልጆች ጋር 220 ኪሎ ብንላቸው ድምሩ 1,560 ይደርሳል። የ2500ው ጠቅላላ የተፈቀደ ክብደት 4,536 ኪሎ ግራም ነው፤ የናፍጣ ሞተር፣ አራት በርና አራቱም ጎማ የሚነዳ ሲሆን ባዶውን ወደ 3,500 ይመዝናል። ለሰውና ለጭነት የሚተርፈው 1,000 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነው። ይህ መኪና ተሳቢውን ያለ ችግር ይጎትተዋል፤ ሊሸከመው ግን አልተሠራም። ከባዱ የናፍጣ ሞተር ራሱ ከመሸከም አበሉ ላይ እንደሚቀንስበት ልብ ይሏል።

ትርፉ ጫና የሚያርፈው በባሌስትራው፣ በአክስሉና ከሁሉም በላይ በኋላ ጎማዎቹ ላይ ነው። ከልኩ በላይ የተጫነ ጎማ በየዙሩ አብዝቶ ይተጣጠፋል፣ ይሞቃል፣ በበጋ አስፋልት ላይም ይፈነዳል። ስለዚህ 3500ው ከኋላ መንታ ጎማ ሲኖረው ጠቅላላ የተፈቀደ ክብደቱ 6,350 ኪሎ ግራም ድረስ ያድጋል፤ ባዶ ክብደቱ 3,800 ያህል ቢሆን እንኳ ከ2,500 በላይ ይተርፈዋል። በማስታወቂያ በትልቁ የሚጻፈው የመጎተት ቁጥር ነው። የመሸከም ቁጥር የሚገኘው የሾፌሩ በር ሲከፈት በሚታይ ትንሽ ወረቀት ላይ ነው፤ ገዢው አስቀድሞ ማንበብ የሚገባውም ያንን ነበር።

ቁልቁለቱ

ዳገት ላይ አቅም ያነሰው መኪና ይዘገያል። ቁልቁለት ላይ ግን መዘግየት ያልቻለ መኪና ነው የሚጠፋው።

10,000 ኪሎ ግራም 700 ሜትር ሲወርድ የሚለቀቀው የቦታ ኃይል 68.6 ሜጋጁል ነው። ይህ መኪና በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ያለው የእንቅስቃሴ ኃይል 3.1 ሜጋጁል ብቻ መሆኑን እናስተያይ፤ ቁልቁለቱ ከ90 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሃያ ሁለት ጊዜ አከታትሎ የመቆምን ያህል ሥራ ይጠይቃል ማለት ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስንወርድ የጎማና የአየር ተቃውሞ ወደ 22 ሜጋጁል ይወስዱልናል። ቀሪው 46 ሜጋጁል ያህል ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት። 140 ሊትር ገደማ ውኃ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ እንዲፈላ የሚያደርግ ሙቀት ነው።

ሾፌሩ ፍሬን ብቻ ቢረግጥ ይህ ሁሉ ሙቀት በፍሬን ብረቶች ላይ ይወርዳል። የመኪናውና የተሳቢው የፍሬን ብረት በጠቅላላ 150 ኪሎ ግራም ነው ብንልና ሙቀት ባይባክን፣ የብረቱ ሙቀት 670 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። በእርግጥ አየሩ ከፊሉን ይወስዳል፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት የፍሬን ሸራው የመያዝ ችሎታው ይደክማል። የፍሬን ዘይትም ይፈላል። ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ መቻል አለበት፤ ከአየር ውኃ ሲጠጣ ግን የሚጠበቅበት 140 ዲግሪ ብቻ ነው። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ይታመቃልና እግር ሲረገጥ ፔዳሉ ባዶውን ይወርዳል። በዚያ መንገድ ዳር በጠጠር የተሞሉ የማምለጫ መውጫዎች የተሠሩት ፍሬን ለከዳቸው መኪኖች ነው።

የእኛ ነባር ሾፌሮች “በወጣህበት ማርሽ ውረድ” የሚሉት ለዚህ ነው፤ ሞተሩ ራሱ ፍሬን እንዲሆን። ይሁንና የናፍጣ ሞተር በዚህ ረገድ የተፈጥሮ ድክመት አለበት። በቤንዚን ሞተር እግር ከነዳጁ ላይ ሲነሣ የአየር መግቢያው ስለሚጠብ ፒስተኖቹ በባዶ መሳብ ይደክማሉ። የናፍጣ ሞተር መግቢያ አይጠብም፤ አየሩን ያምቀዋል፣ የታመቀው አየርም ፒስተኑን መልሶ ይገፋዋል፣ የወሰደውን ኃይል ከሞላ ጎደል ይመልሳል። የ1989ኙ መኪና እንዲህ ነበር።

እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ በመጣው 6.7 ሊትር ሞተር ላይ የቱርቦው ክንፎች የሚከፈቱና የሚጠቡ ሆኑ። ቁልቁለት ላይ ክንፎቹ ሲጠቡ የጭሱ መውጫ ይታፈናል፤ ፒስተኖቹ ጭሱን ለማስወጣት ይታገላሉ፣ የትግሉም ኃይል በሞተሩና በማርሚታው በኩል ሙቀት ሆኖ ይወጣል። በእኛ ስሌት በ7 በመቶው ቁልቁለት ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለመጽናት 86 ኪሎዋት መምጠጥ ያስፈልጋል። የሞተር ፍሬኑ በከባድ ማርሽ ሲታገዝ የዚህን ትልቅ ክፍል ይወስዳል፤ የእግር ፍሬኑም አልፎ አልፎ ብቻ ተረግጦ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል። በእኔ ግምት አዲሱን መኪና ለመግዛት ከቀረቡት ምክንያቶች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ሻጩ ግን አላነሣውም። ተሳቢው የራሱ የኤሌክትሪክ ፍሬን እንዳለውና እንደሚሠራ ማረጋገጥም ለመኪናው ጥራት የሚተው ጉዳይ አይደለም።

ስለ ጭሱ

አዲሱ ሞተር አሮጌው የማያውቃቸው ዕቃዎች አሉት። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ባወጣችው ደንብ ምክንያት ጥቀርሻ የሚይዝ ማጣሪያ፣ በኋላም የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን የሚቀንስ፣ 32.5 በመቶ ዩሪያ ያለው ፈሳሽ የሚረጭበት ክፍል ተጨመረ። ማጣሪያው የያዘውን ጥቀርሻ 600 ዲግሪ ገደማ ላይ አቃጥሎ ራሱን ያጸዳል። ከተማ ውስጥ ለአጭር ርቀት ብቻ የሚነዳ መኪና ይህን ሙቀት ስለማያገኝ ማጣሪያው ይደፈናል፤ ዳገት ላይ ከባድ የሚጎትት ግን ያገኘዋል። ይህ ሥርዓት በሚሊዮን ከ15 ክፍል ያልበለጠ ድኝ ያለበትን ናፍጣ ታስቦ የተሠራ ነው። እንዲህ ያለውን መኪና ወደ ሌላ አገር ለማስገባት የሚያስብ ሰው በቅድሚያ የዚያን አገር ናፍጣ ይጠይቅ።

ጓደኛዬ ያገለገለ፣ መንታ ጎማ ያለው 3500 ገዛ። ተሳቢውንም ካያያዘ በኋላ ወደ መኪና ሚዛን ወስዶ እያንዳንዱን አክስል ለየብቻ አስመዘነ፤ በፒክአፑ ላይ ያረፈው 1,340 ኪሎ ግራም ሆኖ ተገኘ። ከገመትኩት 80 ኪሎ ይበልጣል፤ የውኃው ጋን ከፊት በኩል መሆኑን ሳልጠይቀው ቀርቼ ነው።

ለአንባቢ አንድ ስሌት ልተው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። 40 ቶን የሚመዝን ተሳቢ ያለው መኪና በዚያ ሲወርድ፣ 1,000 ሜትር ብላችሁ፣ ስንት ሊትር ውኃ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ የሚያፈላ ኃይል ይለቀቃል? የጎማንና የአየርን ተቃውሞ በመጀመሪያ ተዉት፤ ከዚያ መልሳችሁ አስገቡት።