ዓሣ የወንዝ ጤንነት ምስክር
(ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለወንዝ ዳር ገበሬዎች የተዘጋጀ)

መግቢያ

ገበሬ የመሬቱን ሁኔታ ከሚበቅልበት ነገር ያውቃል። አቀንጭራ በማሽላው መካከል ሲበዛ መሬቱ መድከሙን ለመረዳት አፈሩን ወደ ላቦራቶሪ መላክ የግድ አይሆንበትም። ወንዝም እንዲሁ በውስጡ በሚኖሩ ፍጥረታት ይታወቃል። ከነዚህም መካከል ገበሬው በስም የሚለየው፣ በዓይኑ የሚያየውና የሚመገበው ዓሣ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በጣና ሐይቅ ገባር ወንዞች ምሳሌነት፣ የዓሣውን ዓይነትና ብዛት በመመልከት የወንዙን ጤንነት እንዴት መመዘን እንደሚቻል ማስረዳት ነው።

ዓሣ ለምን ተመረጠ?

በጠርሙስ የተቀዳ ውኃ የሚናገረው ስለ ተቀዳበት ሰዓት ብቻ ነው። ሰኞ ዕለት ወደ ወንዙ የገባ ፀረ ተባይ መድኃኒት ሐሙስ በተቀዳ ውኃ ላይታይ ይችላል። ዓሣ ግን በወንዙ ውስጥ ለዓመታት ስለሚኖር የደረሰውን ሁሉ በአካሉ ይቀበላል። በተጨማሪም የተለያዩ ዓሦች የሚሹት የተለያየ ስለሆነ የትኛው እንደ ጠፋና የትኛው እንደ ቀረ ማወቅ ጉዳቱ ከየት እንደ መጣ ይጠቁማል።

ይህን አሳብ በሥርዓት ያዘጋጀው ጄምስ ካር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው ጽሑፍ 12 መመዘኛዎችን አቅርቦ ለእያንዳንዱ 5፣ 3 ወይም 1 ነጥብ እንዲሰጥ አደረገ። ድምሩ 60 የሆነ ወንዝ ሰው ያልነካው ያህል ጤናማ ሲሆን ወደ 12 የወረደው እጅግ የተጎዳ ነው። መመዘኛዎቹ ለአሜሪካ ዓሦች የተሠሩ ስለሆኑ እንዳሉ ወደ እኛ አገር ሊመጡ አይችሉም። የሚወሰደው አሠራሩ ነው።

የጣና ገባሮችና ዓሦቻቸው

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል። ከሐይቁ በታች ያለው 40 ሜትር ያህል ቁመት ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የሐይቁን ዓሦች ከታችኛው ዓባይ ዓሦች ለይቷቸዋል። በዚህም ምክንያት በጣና ውስጥ በሌላ ቦታ የማይገኙ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዓይነቶች ተፈጥረዋል። ይህን የመሰለ የነጭ ዓሣ ቤተሰብ በፊሊፒንስ የላናኦ ሐይቅም ነበር፤ የዚያኛው ግን ጠፍቷል።

በወንዞቹ ውስጥ በተለይ ሊታወቁ የሚገባቸው የሚከተሉት ናቸው።

1. ነጭ ዓሣ፦ ከነጭ ዓሦች ብዙዎቹ በክረምት፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም መጨረሻ ባለው ጊዜ ከሐይቁ ወጥተው እንደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ገልዳ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት ንጹሕ ውኃ በፍጥነት በሚፈስበት ጠጠር ላይ ነው። ደለል ጠጠሩን ከሸፈነው እንቁላሉ አየር አጥቶ ይሞታል።

2. ድንጋይ ላይ የሚጣበቅ ትንሽ ዓሣ፦ ከአገጩ ሥር ባለው መጣበቂያ ድንጋይ ይዞ፣ በድንጋዩ ላይ የበቀለውን አረንጓዴ ነገር እየፋቀ ይመገባል። ድንጋዩ በጭቃ ሲለበጥ ምግቡም አብሮ ይጠፋል።

3. ቆሮሶ፦ ረጋ ያለ ውኃ ይመርጣል። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ስለምታሳድግ የጠጠር መበላሸት ብዙም አይጎዳትም።

4. አምባዛ፦ በውኃ ውስጥ ካለው አየር ሌላ ከውኃው በላይ ያለውንም አየር መተንፈስ ይችላል። ስለዚህ በቆሸሸና በደፈረሰ ውኃ ሌላው ሲያልቅ እርሱ ይቀራል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «ወንዛችን ትልልቅ አምባዛ ሞልቶታል፣ ስለዚህ ደኅና ነው» ማለት ትክክል አይደለም። አምባዛ ብቻውን የቀረበት ወንዝ የታመመ ወንዝ ነው።

አሠራሩ

ሀ. ቦታ መምረጥ፦ 100 እርምጃ ያህል ርዝመት ያለው፣ በድንጋይ ላይ የሚፈስ ውኃም ጥልቅ ኩሬም ያለበት ቦታ ይመረጥ። ሁልጊዜ ሁለት ቦታ መታየት አለበት፤ አንዱ ከመስኖ እርሻው ወይም ከከተማው በላይ፣ ሌላው በታች። በየዓመቱ በበጋ የሚደርቅን ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ከሚፈስ ወንዝ ጋር ማወዳደር አይገባም።

ለ. ጊዜ፦ ውኃው በሚጠራበት በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ከዚያም ውኃው በሚያንስበት በሚያዝያ ይሠራ። በክረምት ዓሣው እንቁላል ለመጣል የሚወጣበት ጊዜ ስለሆነ ከዳር ሆኖ መመልከት እንጂ መረብ መዘርጋት አያስፈልግም።

ሐ. አያያዝ፦ ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጋር በመነጋገር ዓይነ ጠባብ መረብ በሁለቱም ቦታ እኩል ጊዜ ይጎተት። የተያዘው ተለይቶና ተቆጥሮ በሕይወቱ ይመለስ። የብርብራ ፍሬ መጠቀም ፈጽሞ አይገባም፤ ብርብራ ትልቁንም ጫጩቱንም አንድ ላይ ይፈጃል።

መ. ነጥብ መስጠት፦ ለመንደር ሥራ እንዲመች መመዘኛዎቹ ወደ 6 ዝቅ ብለዋል። ለእያንዳንዱ ጥሩ ከሆነ 5፣ መካከለኛ 3፣ መጥፎ 1 ይሰጣል።

1. የዓሣው ዓይነት ሽማግሌዎች ከሚያስታውሱት ጋር ሲወዳደር
2. ነጭ ዓሣና ድንጋይ ላይ የሚጣበቀው ዓሣ መኖራቸው
3. ከጠቅላላው የአምባዛ ድርሻ ማነሱ
4. የዓሣ ጫጩት መኖሩ
5. በእኩል ጊዜ የተያዘው ብዛት
6. ዓሣው ቁስልና የጀርባ መጉበጥ የሌለበት መሆኑ

ድምሩ ከ26 እስከ 30 ከሆነ ወንዙ ጤናማ ነው፤ ከ16 እስከ 24 የተጎዳ፣ 14ና ከዚያ በታች በጽኑ የታመመ ነው።

ምሳሌ፦ ከሽንኩርት እርሻ በላይ ያለው ቦታ 5፣ 5፣ 5፣ 3፣ 5፣ 5 አገኘ እንበል፤ ድምሩ 28 ነው። ከእርሻው በታች ያለው 3፣ 1፣ 3፣ 1፣ 3፣ 5 ቢያገኝ ድምሩ 16 ይሆናል። የላይኛው ደኅና ስለሆነ ጉዳቱ የደረሰው በሁለቱ መካከል ነው።

ውጤቱን መተርጎም

ከድምሩ ይልቅ የሚጠቅመው የትኛው ነጥብ እንደ ወረደ ማየት ነው።

ጫጩትና በጠጠር ላይ የሚራባው ዓሣ ቀስ በቀስ ከጠፋና የቀረው ጤናማ ከሆነ፣ ከላይ እንዳለው ምሳሌ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ደለል፣ የአሸዋና የጠጠር ማውጣት ወይም በሞተር ፓምፕ ውኃው መሟጠጡ ነው። አምባዛ ብቻ ከቀረ የከተማ ፍሳሽ ወይም የሚበሰብስ ነገር አየሩን ጨርሶታል። በደጋ አገር ይህ ቶሎ ይደርሳል፤ 20 ዲግሪ የሞቀ ውኃ በባሕር ጠረፍ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ በጣና ከፍታ ከ7 ተኩል አይበልጥም። ሁሉም ዓይነት ዓሣ በአንድ ቀን ሞቶ ከተንሳፈፈ ግን መርዝ ሊሆን ይችላል። ዓሣ የመርዙን ስም አይናገርምና ያን ጊዜ የውኃው ናሙና ወዲያውኑ ለምርመራ መላክ አለበት። እስኪታወቅ ድረስ ዓሣው አይበላ፤ ውኃውም ለሰውና ለከብት አይቅረብ።

ገበሬው ምን ማድረግ ይችላል?

1. በተዳፋት መሬት ላይ እርከን መሥራትና አግድም ማረስ። ወደ ወንዙ የሚገባው ደለል የራሱ የማሳው ለም አፈር ነው።
2. ከወንዙ ዳር ሣርና ዛፍ ያለበት ሰፋ ያለ መሬት ሳይታረስ መተው።
3. የመድኃኒት መርጫን በወንዝ ውስጥ አለማጠብ፣ ባዶ ዕቃውንም አለመጣል።
4. በበጋ ፓምፕ የሚተክሉ ገበሬዎች ተራ ይዘው ወንዙ ፈጽሞ እንዳይቋረጥ ማድረግ። በኩሬው የቀረው ጫጩት ወደ ሐይቁ የሚመለሰው ውኃ ሲኖር ነው።
5. ዓሣው በሚወጣበት ወራት የወንዙን አፍ በመረብ አለመዝጋት።

ማጠቃለያ

እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 በተደረጉ ጥናቶች፣ በጣና ደቡባዊ ክፍል ወደ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ነጭ ዓሦች በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሰው ተገኝተዋል። እንቁላል የያዘችን ዓሣ በወንዝ አፍ ላይ መያዝ ዘር የተባለውን እህል እንደ መብላት ነው። ከዚያ የተረፈችውም ጠጠሩን በደለል ተሸፍኖ ካገኘችው ድካሟ ከንቱ ይቀራል። የልማት ሠራተኛው ይህን ምዘና በየዓመቱ በዚያው ቦታና በዚያው ወር ቢደግምና በመዝገብ ቢያኖር፣ ከገበሬው ጋር ሆኖ ጉዳቱን ገና ሳይጸና ሊደርስበት ይችላል።